ጋሽ ሣህሉ ጄኖቫ ላይ ያስገባው ጃንጥላ

የአሰብ ወደብ ሰው ጋሽ ሣህሉን የሚያውቀው ከመርከብ የሚወረወር ገመድ ተቀብሎ ከብረቱ ምሰሶ ጋር ሲያስር ነው። በ1957 ዓ.ም. ግን የአንድ የጣሊያን ጭነት መርከብ ወጥ ቤት ረዳት ታሞ አሰብ ቀረ። ድንች ይልጣል ተብሎ ጋሽ ሣህሉ በምትኩ ተሳፈረ። ባለቤቱ እትዬ ታደለች፣ "ድንች መላጥ? ሲበላ እንጂ ሲልጥ አይቼው አላውቅም" እያለች ሸኘችው።

ስዊዝን አልፈው ሜዲትራንያን ሲገቡ ማዕበል ተነሣ። ድስቱ፣ ድንቹና ጋሽ ሣህሉ ከግድግዳ ግድግዳ ሲንከባለሉ ዋሉ። በዚያ መሐል ተሳለ፤ "ጊዮርጊስ፣ የብስ ካስረገጥኸኝ መጀመሪያ በማገኘው ደጅህ ጃንጥላ አስገባለሁ።"

ጄኖቫ በሰላም ደረሱ። መርከቡ የሚቆየው እስከ ማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። እኔ ያችን አሮጌ የወደብ ከተማ በመጽሐፍ ብቻ ነው የማውቃት። ጋሽ ሣህሉ ግን ፀሐይ የማይገባባቸውን ጠባብ መንገዶቿን፣ ከመስኮት መስኮት ልብስ የተሰጣባቸውን፣ ጃንጥላ ፍለጋ ሲያካልል ዋለ። ያገኘው ሁሉ ጥቁር የዝናብ ነው። በማግሥቱ አንድ ሱቅ ደጃፍ ሰፊ፣ ቀይ፣ ባለ ቢጫ ዘርፍ ጃንጥላ ተተክሎ አየ። ሰዎቹ ባሕር ዳር ተጋድመው የሚጠለሉበት ነው፤ እሱ ግን ለታቦት የተሠራ መሰለው።

ተሸክሞ ወደብ ሲደርስ፣ ከአንድ ትልቅ ሕንጻ ግንብ ላይ ጊዮርጊስ ተሥሏል፤ ጦሩም ዘንዶውም አልጎደለም። ጫማውን አውልቆ ደረጃውን ተሳለመና ጃንጥላውን ዘረጋ።

አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ወጣ።

"የስለት ነው አባቴ፤ ለቄሱ ይስጡልኝ" አለው ጋሽ ሣህሉ፣ አሰብ ወደብ ላይ በለመዳት ጣሊያንኛ።

"እዚህ ቄስ የለም። የወደብ መሥሪያ ቤት ነው።"

"ታዲያ ጊዮርጊስ ምን ይሠራል?"

"እኔ ስቀጠር እዚሁ ነበር።"

የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከሕንጻው ጀርባ ነበር፤ ግን የሚከፈተው መርከቡ ከሄደ በኋላ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ ሣህሉ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

"ስለቴን ሳላደርስ ያን ባሕር ተመልሼ አልገባበትም።"

ዘበኛው ከጎኑ ተቀመጠና፣ "አባቴ መርከበኛ ነበር" አለ። "ስለት ሲሳል ትንሽ የእንጨት መርከብ ሠርቶ ያስገባ ነበር። ስጠኝ፤ እኔ አደርሰዋለሁ።"

"ይማሉልኝ።"

ሽማግሌው እጁን ወደ ሥዕሉ አንሥቶ ማለ።

አሰብ ሲመለስ እትዬ ታደለች፣ "ለዘበኛ? ይኼኔ ከሥሩ ተጋድሞ ዓሣ እየበላ ነው" አለችው። ጋሽ ሣህሉ አብሯት ሳቀ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ነፋስ ባለ ቀን ወደ ውኃው ዳር አይጠጋም ነበር፤ ገመዱን ጓደኞቹ ይቀበሉለት ነበር።

በአምስተኛው ወር ያው መርከብ መጣ። በተወረወረለት ገመድ ጫፍ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ ታስሯል። ውስጡ ፎቶግራፍ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ትንንሽ የእንጨት መርከቦች ተንጠልጥለው፣ በመሐላቸው ጃንጥላው ተዘርግቶ፣ ከሥሩ ዘበኛው ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል።

እትዬ ታደለች ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዳ መረመረችው።

"ቀይ ነው አላልክም? ጥቁር ነው እኮ።"

"ፎቶው ነው ጥቁር።"

"ዘርፉም በአንድ በኩል ተጣጥፏል። ሄደህ ታቃናዋለህ።" ፎቶውን ሳመችው። "ድንች መላጥ ከተማርክ።"

በማግሥቱ ብርቱ ነፋስ ነበር። ጋሽ ሣህሉ ከሁሉም ቀድሞ ውኃው ዳር ቆሞ፣ "ወርውር" እያለ ይጣራ ነበር።