የአያ ደምሴ መልሕቅ

ዛሬ ጠዋት ጎንደር መናኸሪያ አጠገብ ነፋሱ የአንድ ጭነት ማኪና ሸራ ሲያርገበግበው አየሁና ልቤ ዘለለ።

የእናቴ አጎት አያ ደምሴ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበሩ። ድብ ባሕር በሚባለው መንደራችን፣ አውድማችን ዳር ተቀምጠው የመርከብ ቃላት ያስጠኑኝ ነበር። ሸራውን የሚሸከመው ረጅም ግንድ ደቀል ነው፤ መርከቧ እንዳትሄድ የባሕሩን ወለል ቆንጥጦ የሚይዘው ብረት ደግሞ መልሕቅ። እናቴ «ምነው አያ፣ መርከብ ለገበሬ ልጅ ምን ይሠራላታል?» እያለች ትስቅብን ነበር።

አንድ ቀን የተወቃው ገብስ ሳይነሳ ያልታሰበ ዝናብ ከነነፋሱ መጣ። ገብሱን ያለበስነውን ሸራ ነፋሱ ገልቦ ሊወስደው ሲል አያ ደምሴ «መልሕቅ ጣይ!» ብለው ጮኹብኝ። ሰው ሁሉ ግራ ሲጋባ እኔ ሮጬ የሸራውን ገመድ ማረሻ ላይ አሰርኩና ማረሻውን መሬት ውስጥ ቸከልኩት።

«ሸጋ! በወዲያኛውም ጫፍ!»

ሸራው እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ፤ ግን አልሄደም። እናቴ ዝናብ እየወረደባት «አያ፣ የዚያ የረጅሙ እንጨት ስም ማን ነበር?» አለች።

እኔ ባሕር እስከ ዛሬ አላየሁም። ሸራው ከማኪናው ላይ ሊነሳ ሲል ግን ሳላስበው «መልሕቅ ጣል!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ ደንግጦ፣ ዞር ዞር እያለ ባሕሩን ፈለገ።