ባጃጁ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ጥቅስ

እኔ ሳቅ ሲይዘኝ አልችልም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ የወጣሁበት ጊዜ አለ። የዚያን እሑድ ግን ነጠላም አላዳነኝ።

ባለቤቴ ያኔ ገና ባለቤቴ አልነበረም። እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ፣ እኔን ባየ ቁጥር ጥሩምባ የሚነፋ ቀውስ ጎረምሳ ነበር። ወድጄዋለሁ፣ ምን ላድርግ! ችግሩ አባቴ ነው። አባቴ በዚህ ዓለም ሁለት ነገር አጥብቆ ይወዳል፤ ፈረሱንና መጽሐፍ ቅዱሱን። «ዛሬ መዝሙሩን ሁሉም በስልኩ ጭኖታል፤ ቃሉን ግን ማን ያውቀዋል? ቃሉን ለማያውቅ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብሎ ጨርሷል። አባቴ አንዴ እምቢ ካለ ደግሞ የሚመልሰው የለም። እኔ ሌላ ሰው አላገባም፤ ያለ አባቴ ምርቃትም አላገባም። ጭንቄ ይኸው ነበር።

ያን እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ዝናቡ አወረደው። ባጃጁ ከች አለ። (ሚስኮል ያደረግሁለት እኔ ነኝ።)

«አባባ ይግቡ እንጂ፣ ዝናቡ መታዎት!»

አባቴ ግን አልገባም። በዚያ ዝናብ ከባጃጁ ኋላ ዞሮ የጀርባ መስታወቱን ማየት ጀመረ። መስታወቱ ላይ በትልልቅ ቢጫ ፊደል «ነገሥት ካልዕ ፱፥፳» የሚል ተለጥፏል። ሌላ ቃል የለም።

«ምን ይላል ይኼ?»

«ጥቅሱ? እ… እግዚአብሔር መንገድህን ይጠብቃል ነው የሚለው አባባ።»

«እሰይ» ብሎ ገባ። ተመስገን፣ ተገላገልን አልኩ በሆዴ። ገና አንድ መታጠፊያ እንደ ዞርን አባቴ ጋቢው ውስጥ እጁን ሰደደና በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፉን አወጣ። የኔው ጉድ በስፖኪዮ አየው። ባጃጁ ከሰል የጫነ ጋሪ ከመግጨት ለጥቂት ተረፈ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበና በራሱ ቃል አስረዳን። «ማማ ላይ የቆመ ዘበኛ አንድ ሠረገላ ከሩቅ ሲመጣ ያያል። ሰውየውንም ከአነዳዱ ይለየዋል። ለምን ቢሉ፣ እንደ እብድ ነው የሚነዳው!»

«ኧረ በማርያም!» አለ ሹፌራችን። «እንደሱ ነው እንዴ የሚለው?»

በቃ፣ ፈነዳሁ። ነጠላውም፣ ጡጫዬም፣ የባጃጁ ሸራም አልያዘኝ። እሱ ደግሞ ይባስ ብሎ «ዳንግላ ነው የገዛሁት አባባ፣ ቀለሙ አምሮኝ። ሻጩ ይኼ የሹፌር ነው ሲለኝ የጥበቃ መስሎኝ…» እያለ ያብራራል። አለቀልኝ፣ ዛሬ ቆሜ ቀረሁ እያልኩ ነው የምስቀው።

አባቴ መጽሐፉን መልሶ በላስቲኩ ጠቀለለ። ቆይቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ለካ እሱም እየሳቀ ነው! ሲወርድ ግን ኮስተር አለ።

«ስማ ልጄ፣ ጀርባህ ላይ የለጠፍከውን ሳታነብ ከተማውን ዞርክበት። ነገ ቤትህ ውስጥ ሲከፋህ ምን ይዘህ ልትቆም ነው? መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብበህ ና። ሽማግሌ የምትልከው ከዚያ በኋላ ነው።»

አነበበ። ባጃጆች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ መሪው ላይ ዘርግቶ ያነባል። ተሳፋሪው «ትነዳለህ ወይስ ትቀድሳለህ?» ይለዋል። ዘሌዋውያን ላይ ደውሎ «ሞትኩልሽ፣ ሌላ አግቢ» አለኝ። ነገሥታቱ ጋ ሲደርስ ግን የሰፈር ወሬ ሆነለት፤ «ይኼኛው ንጉሥ የሠራውን ጉድ ብትሰሚ!» እያለ ይደውላል። የጥሊሊ ሚኒባስ ረዳቶች ሳይቀሩ «እና፣ ያ ንጉሥ ምን ሆነ?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር።

የጨረሰ ቀን ወደ ቤታችን መጣ። አባቴ ደጃፍ ላይ ፈረሱን እያሻሸ ነበር፤ እኔ በር ኋላ ተደብቄያለሁ። ባጃጁ በታች በኩል ጭቃውን እየዘለለ ብቅ አለ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጋላቢን ከግልቢያው ሲለይ የኖረ ሰው ነው። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተመለከተና ጮኸ።

«አንድ ሰው እየመጣ ነው! ከአነዳዱ ለየሁት፤ እንደ እብድ ነው የሚነዳው!»

ባጃጁ አጠገቡ ሲቆም ደግሞ «ሰላም ነው?» አለው። ለሰሚው ሰላምታ ነው። በመጽሐፉ ግን ያን ነጂም እንዲሁ ጠይቀውት ነበር፤ እሱ ለጠብ ነበር የመጣው፣ መልሱም የሰላም አልነበረም። እኔ ይህን ስለማውቅ ዓይኔን በሩ ስንጥቅ ላይ ተከልኩ።

ሞተሩን አጠፋና ወረደ። «ያኛው የመለሰውን አልመልስልዎትም አባባ» አለ። «እኔ በሰላም ነው የመጣሁት።»

አባቴ ፊቱን ወደ ፈረሱ መለሰ። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ አየሁት።

«አንቺ በር ኋላ የምትስቂው! ለእናትሽ ንገሪያት፣ ጌሾ ታስወቅጥ። ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»