ባለቤቱ ካልመጣ አይነካም

ከማክሰኝት ወጣ ብሎ ያለው የወል ግጦሽ የአገሬው ሁሉ ነው፤ አያ ሰውአገኝ ግን ይህን የሰሙ አይመስሉም። ቆቅ ለመያዝ በየቁጥቋጦው ሥር የሽቦ ሸምቀቆ ያጠምዳሉ፤ በላዩም ቀይ ጨርቅ ያስራሉ። ጨርቁ «እዚህ ባለቤት አለ» ማለት ነው። ከአንዳንዱ ጨርቅ ሥር ወጥመድ የሚባል ነገር የለም፤ ቦታውን ሌላ ሰው እንዳይቀድማቸው ብቻ የታሰረ ነው። ቆቅ ይዘው ሲመለሱ ያያቸው ጥቂት ነው፤ ስለ አደን ሥርዓት ሲያስተምሩ ያልሰማቸው ግን የለም። «የሰው ወጥመድ ባለቤቱ ካልመጣ አይነካም!» ይላሉ፣ ሠርግ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታቸው የዝናሽ ፍየል እግሯ በአንዱ ሸምቀቆ ተያዘ። ዝናሽ ጩኸቷን ሰምታ ሮጣ ፈታቻት፤ ፍየሏ ግን ከዚያ ወዲያ አነካሰች። አያ ሰውአገኝ ስለ ፍየሏ ቃል ሳይተነፍሱ «ወጥመዴ ተነካ» ብለው ሽማግሌ ሰበሰቡ።

«ምነው አያ፣ ትሙት ብዬ ቆሜ ልያት ኖሯል?» አለች ዝናሽ።

«ባለቤቱን መጥራት ነበረብሽ። ሥርዓት ሥርዓት ነው!»

የደብሩ ቄስ ወልደኢየሱስ ሊያለዝቧቸው ቢሞክሩ አያ ሰውአገኝ አሻፈረኝ አሉ። ዝናሽ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ጠየቀች። ሽማግሌው ሁሉ አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ እሳቸው ብቻ ደረታቸውን ነፍተው ይቅር አሏት።

በጥቅምት ጃርት ድንቿን ሲፈጅባት ዝናሽም በጃርቱ መንገድ ላይ ሸምቀቆ አጠመደች፤ እንደ ደንቡም የራሷን ምልክት፣ ነጭ ጨርቅ፣ አሰረችበት። አያ ሰውአገኝ ጨርቁን ከሩቅ አዩት።

«ማን ፈቅዶላት!» ብለው ሊበጥሱት ሲንደረደሩ ሽቦው ቁርጭምጭሚታቸውን አንቆ ያዘው። ቋጠሮው እጃቸው ሥር ነው። ሊፈቱት ጎንበስ ሲሉ ግን ቄስ ወልደኢየሱስ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብቅ አሉ። አያ ሰውአገኝ እንደ ሌባ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«እግሬን ነው አባ! እግሬን!»

ቄሱ ተመልሰው ነጩን ጨርቅ አዩ። «ይህ የዝናሽ አይደል? እንዴት ብዬ ልንካው? በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ ልታሸክመኝ ነው?»

ቢሆንም ጨክነው አልሄዱም፤ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉላት። ዝናሽ ማክሰኝት ገበያ ነበረች።

«የቀረችኝን ድንች ሸጬ እመጣለሁ» አለች። «እስከዚያ ማንም እንዳይነካብኝ።»

ቄሱ ጥላቸውን ዘርግተው ከጎናቸው ተቀመጡ። ከገበያ የሚመለሰውም ከብት የሚነዳውም እየቆመ ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቀ። አያ ሰውአገኝ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ኮስተር ብለው «ዝናሽን እየጠበቅሁ ነው» ይሉ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝናሽ ደረሰች፤ ተንበርክካም ፈታቻቸው። ያበጠውን እግራቸውን አየችና «ቅቤ ይቀቡት አያ» አለች። «ፍየሌንም ትንሽ የረዳት እሱ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ሰውአገኝ በምርኩዝ ቆመው አዲስ ሐሳብ አቀረቡ፦ በወጥመድ የተያዘው ሰው ከሆነ ያገኘው ሁሉ ይፍታው። ሁሉም ተስማማ፤ እሳቸው ፊት የሳቀም አልነበረም። ዛሬም ስለ ሥርዓት ማስተማራቸውን አልተዉም። ይህችን ደንብ «እኔ አስቤ ያወጣኋት ናት» ይላሉ፤ የት ቁጭ ብለው እንዳሰቧት ግን አይናገሩም።