የማይሰምጠው ክር

አዲስ የዓሣ ማጥመጃ ክር የራሱ ሽታ አለው፤ ጎማ ጎማ ይላል፣ ሰም ሰምም ይላል፣ ትንሽ ደግሞ ያልተነካ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ለልጄ የመዋኛ መነጽር ልገዛ ወደብ አጠገብ ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ ሳለ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝ። ሻጩ "ምን ልርዳሽ?" ሲለኝ የመጣሁበትን ረሳሁት። መነጽሩን ሳልገዛ ወጣሁ። ቤት ስገባ ልጄ አኮረፈችኝ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ላንቺ ግን ልንገርሽ።

አባቴ ሲሞት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዝናቡ ወራት ነው፤ እዚህ አገር ዝናቡ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከፋብሪካ ፈረቃው ተመልሶ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች። ሺቫው፣ የሰባት ቀኑ ሐዘን፣ አልቆ ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ሥራዋ ገባች፤ እኔም ትምህርት ቤት ተመለስኩ። አላለቀስኩም። ሰዎች "ጠንካራ ልጅ" አሉኝ። ጥንካሬ አልነበረም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ መርፌ ስትወጊ ከንፈርሽ የሌላ ሰው ከንፈር ይመስልሽ የለም? እኔ ከእግሬ እስከ ራሴ እንደዚያ ነበርኩ። እናቴም ከእኔ የተሻለች አልነበረችም። ቤታችን ውስጥ የቀረው ንግግር "በላሽ?" "ኬን፣ ኢማ"፣ "በሩን ቆልፊው" "ቤሴዴር" ብቻ ነበር። እሷ በአማርኛ ትጠይቃለች፣ እኔ በዕብራይስጥ "አዎ፣ እማ" ወይም "እሺ" ብዬ እመልሳለሁ።

እናቴ ሜታፔሌት ነበረች፤ ባርኔአ በሚባል ሰፈር አንድ ሽማግሌ ትንከባከባለች። ሽማግሌው በጎልማሳነቱ ከአርጀንቲና የመጣ፣ ሚስቱን የቀበረ፣ እግሮቹ ከድተውት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነበር። እሷ "አባባ" ትለዋለች። በዕብራይስጥ "አባ" ማለት አባት ስለሆነ መጀመሪያ ደንግጦ፣ "እኔ የወለድኩት ሁለት ነው፤ አንቺን መቼ ወለድኩሽ?" ብሏት ነበር። ቆይቶ ግን ለመደው። ሌላ ሰው በስሙ ሲጠራው እንዳልሰማ ይሆናል፤ "አባባ" ስትለው ግን ወዲያው ቀና ይላል።

የበጋው ዕረፍት ሲመጣ ቤት ብቻዬን እንዳልውል ብላ ይዛኝ መሄድ ጀመረች። ሙቀቱ በረድ ሲል ወንበሩን እየገፋን ወደ ባሕሩ እንወርዳለን። የነሐሴ ባሕር ሲሸት ታውቂዋለሽ፤ ጨው፣ የፀሐይ ቅባት፣ የበሰበሰ የባሕር ሣር። ሽማግሌው ከድንጋዮቹ ሥር የሚፈላውን ነጭ አረፋ እያየ ስለ ላቭራቅ ያወራል። ላቭራቅ ብርማ ቀለም ያለው፣ አፈ ሰፊ የባሕር ዓሣ ነው፤ ተጠራጣሪ ነው ይላል ሽማግሌው፣ እንደ ደላላ። ሌሎቹ አጥማጆች ክሩ ላይ የእርሳስ ክብደት አስረው፣ መንጠቆው ላይ ምግብ ሰክተው ይወረውራሉ። እሱ ግን በልጅነቱ አገሩ ወንዝ ዳር የተማረው ሌላ ዓይነት ነበር። መንጠቆው ላይ ነጭ ፀጉርና ብልጭ የሚል ክር ታስሮ ትንሽ ዓሣ ትመስላለች። እሷም "ዝቩቭ" ትባላለች፤ ዝንብ ማለት ነው። ክብደት የላትም። ክብደቱ ያለው ወፍራሙ ክር ላይ ነው፤ የሚወረወረው ክሩ ነው፣ ዝንቧ ተከትላ ትሄዳለች።

አንድ ቀን እናቴ ከማኽሳኑ፣ ከዕቃ ማስቀመጫው፣ አሮጌ የማጥመጃ ዘንጉን እንድታወጣ አደረገና "ሞክሪ" አላት። እሷ በልጅነቷ ጎንደር ገጠር ጅራፍ ሲጮህ ሰምታ አድጋለች፤ እጇ ያንኑ አደረገ። ክሩ ከኋላዋ "ጧ!" አለ፤ ዝንቧ ተበጥሳ የት እንደገባች እንጃ። እናቴ ባዶውን ጫፍ አየችና፣

"ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል" አለች።

ተረጎምኩለት። እስኪያስለው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግን ትከሻዋን ይዛ እየተመለከተችው ቆመች። ዘንጉ ከብዷታል።

"ይህ ለእኔ ክንድ የተመረጠ ነው" አላት። "ላንቺ የራስሽን እንፈልጋለን።"

"ባሌ ዓመቱ እንኳ ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?"

"ዓሣ ዓመት አይቆጥርም" አለ ሽማግሌው። ይህንን ስተረጉምላት ክሩን መጠቅለል ጀመረች። እሱ ይህንን እንደ እሺታ ቆጠረው።

ዘንግ ልንገዛ የገባንበት ሱቅ ጠባብና ቀዝቃዛ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል። ያ ሽታ ያኔ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው። ሻጩ ጎንበስ ብሎ ለሽማግሌው ማስረዳት ጀመረ። ሽማግሌው እጁን አንስቶ አቋረጠውና፣ "የምታጠምደው እሷ ናት። ለእሷ ንገራት" አለው። ሻጩ እናቴን አየ፣ ጥቁር ቀሚሷን አየ፣ ከዚያ እኔን። እኔ ማስተርጎም ጀመርኩ።

ዘንጎቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ቁጥሩ ክሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ዘንጉ ወይ አይታጠፍም ወይ ይልፈሰፈሳል። ሻጩ መጀመሪያ ስድስት ቁጥር አቀበላት፤ ቀላል ነው፣ ለሴት ይሆናል በሚል መሰለኝ። "የባሕሩ ነፋስ ይበላዋል" አለ ሽማግሌው። ዘጠኝ ቁጥሩን ደግሞ እሷ ራሷ አንስታ፣ ከብዷት፣ መለሰችው። የቀረው ስምንት ነበር፤ እሱም ሁለት ዓይነት። አንደኛው ደርቆ ጫፉ ላይ ብቻ የሚታጠፍ፣ ሌላው እስከ ወገቡ ድረስ የሚለመጥ። ሻጩ ደረቁን አሞገሰ፤ ሩቅ ይወረውራል አለ። እናቴ ሁለቱንም በየተራ ወዘወዘች። የሚለመጠውን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

"ይህኛው ይጠብቀኛል" አለች። "ያኛው ይቸኩላል።"

ሽማግሌው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው አለ። ክሩ ላይ ግን ተጣሉ። ሽማግሌው ቀስ እያለ የሚሰምጠውን ፈለገ፤ ማዕበል ባለበት እሱ ይሻላል፣ ዓሣው ወዳለበት ይወርዳል። እናቴ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ብጫ ክር ይዛ አልለቅም አለች።

"ንገሪው" አለችኝ። "የሚሰምጠውን አልፈልግም። ወደ ታች የሚሄድ ነገር በቅቶኛል። ዓይኔ የሚያየውን ስጡኝ።"

ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ በዚያ ዘመን ሁሉን ነገር ቃል በቃል ነበር የምተረጉመው፣ ምንም ሳይሰማኝ። ሽማግሌው ወደ ሻጩ ዞሮ "ብጫውን ስጣት" አለው።

ልምምዱ ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ሣር ላይ ሆነ። ሰዎች ሥጋ እየጠበሱ፣ ጭሱ በጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ የድንጋይ ምሰሶዎች መሐል እያለፈ፣ እናቴ ውኃ በሌለበት ክር ትወረውራለች። "ወደ ኋላ! ጠብቂ! ክሩ ይዘርጋ! አሁን!" ይላል ሽማግሌው ከወንበሩ። መጠበቁ ነበር የሚያስቸግራት። የሰፈራችን ሰዎች አዩን። በሳምንቱ አንዲት ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አስቁማኝ፣ "እናትሽ ባሏን ቀብራ ከፈረንጅ ጋር ሜዳ ለሜዳ ትጫወታለች ይባላል፤ እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር። "ይበሉ" አለች፣ ቧንቧውን ሳትዘጋ። በማግሥቱ ዘንጉን በጨርቅ ሳትሸፍን፣ በሰፈሩ መሐል ይዛው ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሄደች።

የመስከረሙ በዓላት ሲያልፉ ሽማግሌው መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ነፋስ እንዳይነካው አለ። እሱ ግን የላቭራቅ ጊዜ አሁን ነው ብሎ እንደ ሕፃን ተከራከረ። ደመናው ዝቅ ባለበት በአንድ ቀን ሁለት ብርድ ልብስ ደርበንለት ወረድን። ባሕሩ ግራጫ ነበር፤ አረፋው ድንጋዮቹን እያለበሰ ይመለሳል። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። ወረወረች። ጠበቀች። ብጫው ክር ውኃው ላይ ተጋድሞ ስለነበር ሲሳብ ሦስታችንም አየነው፤ ጫፉ ድንገት ወደ ጎን ሮጠ።

"ለአት! ለአት!" ጮኸ ሽማግሌው፤ ቀስ በይ ማለቱ ነው።

"ቀስ ብዬ ነው አባባ! አይጩሁብኝ!"

ዘንጉ እስከ ወገቡ ተለመጠ። ዓሣው ወደ ድንጋዩ ሲሮጥ ክሩን ትሰጠዋለች፣ ሲደክም ትወስዳለች። በመጨረሻ ማዕበሉ ራሱ አሸዋው ላይ አምጥቶ ጣለው። አንስታ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠችለት። ሽማግሌው በሁለት እጁ ያዘው።

"እንልቀቀው?" አላት።

"ምን ሲደረግ! ለምን ለፋሁ ታዲያ?"

እሱ ቤት ጠበሰችው። ሎሚ ጨመቀችበት። ከአባቴ ሞት ወዲህ እናቴ ምግቧን ስትጨርስ ያየሁት ያን ቀን ነው። አጥንቱን ሳይቀር ለቀመችው። እኔም በላሁ። ጣዕሙ አሁን ትዝ አይለኝም፤ ያኔም የገባኝ አይመስለኝም።

ትልቁ ዝናብ ሳይጀምር ሽማግሌው በእንቅልፉ ሞተ። ለሺቫው ሄድን። ቤቱ ከመሐል አገር በመጡ ዘመዶቹ ተሞልቶ ነበር፤ እኛ በር አጠገብ ተቀመጥን። ሁሉም ለእናቴ "ቶዳ" እያለ አመስግኖ ያልፋል። በኋላ ሴት ልጁ መጥታ አጠገቧ ተንበረከከችና እጇን ይዛ፣ "አባቴ በመጨረሻው ምን ያደርግ ነበር? ይናገር ነበር? አዝኖ ነበር?" አለቻት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ላስተረጉምላት ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ተነሣች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ባዶ እጇን ወደ ኋላ ወሰደች፤ ጠበቀች፤ ወደ ፊት ዘረጋችው። ደግማ አደረገችው። ሴት ልጁ አፏን በእጇ ያዘች። "ዓሣ ያዝን" አለች እናቴ በተሰባበረ ዕብራይስጥ። "ትልቅ። አባባ በጣም ጮኸ።"

ያን ጊዜ ነው እኔ ያለቀስኩት። ለሽማግሌው ይሁን ለአባቴ አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። አንድ የማላውቀው ሰው ውኃ አመጣልኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሙቀት ነበር፤ መስኮቱ በትንፋሽ ተሸፍኗል። እናቴ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ከባድ እንቅልፍ ነበር፤ ለወራት የቀረባት ዓይነት። ሰፈራችን ሲደርስ የመውረጃውን ደወል ለመጫን እጄን አነሣሁ። ፊቷን አየሁት። እጄን መለስኩት። አውቶቡሱ ቤታችንን አልፎ ሄደ፤ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አብረን ሄድን።