የተረፈችው ዶቃ

ባለፈው ሳምንት ልጄ በቴሌግራም የተላከለትን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ሊጭን ሲል ትክክለኛ መሆኑን በምን እንዳወቀ ጠየቅኩት። «የማረጋገጫ ቁጥሩ ከሥሩ ተጽፏል እኮ፣ እማዬ» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ ጅማ ላይ እንዲሁ ብዬ ነበር።

ያኔ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ጽሑፍ እተይብ ነበር። አከራዬ አባ ዱራ የቡና ነጋዴ ናቸው። ወሩ ሰኔ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ምሳዬ በየቀኑ ዳቦ በአቮካዶ። ኮምፒውተሬ ውስጥ የአሥራ አንድ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበራቸውም። ፍላሽ ይዘው በመጡ ቁጥር ቫይረስ አብሮ ይመጣል። ከሳምንት በፊት የአንዷን ሥራ በልቶባት በሬ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻለሁና ሰላም አጥቼ ነበር።

ኢንተርኔት ቤት የሚሠራ ጀማል የሚባል የሰርቦ ልጅ የቫይረስ ማጥፊያ ፕሮግራም በፍላሽ አመጣልኝ። አብሮት የፋይሉ አሻራ ተጽፎ ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ፊደልና አኃዝ። ፋይሉን ሰው ነካክቶት ከሆነ አሻራው ይለወጣል ብሎ አስተማረኝ። በኮምፒውተሬ አስላሁት፤ ገጠመ። ፈንድቄ ልጭነው ስል አባ ዱራ ዝናብ ሸሽተው ገቡና ነገሩን አስረዳኋቸው።

«ቁጥሩን ማን ሰጠሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«ከፋይሉ ጋር ነው የመጣው፣ አባ ዱራ።»

እሳቸው ቡና ሲገዙ ጆንያውን መሃሉ ላይ በሹል ቱቦ ወግተው፣ ራሳቸው ያወጡትን ፍሬ ነክሰው ነው።

«ሻጭ ከኪሱ አውጥቶ የሚሰጠኝን ናሙና እኔ አልነክስም» አሉ።

አፈርኩ፤ ፋይሉን የነካካ ሰው ቁጥሩንም አብሮ መለወጥ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። ከጀማል ጋር ኢንተርኔት ቤቱ ሄደን የፕሮግራሙን ሠሪዎች ገጽ ከፈትን፤ ገጹ እስኪመጣ ስፕሪሳችንን ጨረስን። የዚያው ፕሮግራም አሻራ እዚያ ሌላ ነበር፤ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ሌላ። ጀማል ፋይሉን ያወረደው ከማያውቀው ገጽ እንደነበር ያኔ ትዝ አለው። እኔ ደግሞ አሥራ አንዱ ልጆች በዓይኔ ላይ ዞሩ።

በማግስቱ ከሠሪዎቹ ገጽ ሲያወርድ ዋለ፤ መብራት ሁለቴ ጠፍቶበት ሁለቴ እንደ አዲስ ጀመረ። አሥር ሰዓት ላይ ፍላሹን በላስቲክ ጠቅልሎ በባጃጅ ደረሰ። እኔ ከኮምፒውተሩ አነብባለሁ፣ ጀማል ከገጹ በእጄ ከገለበጥኩት ወረቀት ያመሳክራል፣ አባ ዱራ በገጠመ ቁጥር የሙስባሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ አንዲት ዶቃ ያሳልፋሉ። ሠላሳ ሁለተኛው ሲገጥም ጀማል ዘሎ አቀፋቸው። ሙስባሃው ባለ ሠላሳ ሦስት ነበርና አንዲት ዶቃ ተረፈች።

«ይቺስ?» አልኳቸው።

«ይቺማ ለአልሃምዱሊላህ ናት።»

አሥራ አንዱም ተመረቁ። ለዚያች ላለቀሰችውም ሥራዋን እንደ አዲስ ተየብኩላት፤ በተመረቀች ማግስት ድፎ ዳቦ ይዛልኝ መጣች። እንደዚያ ክረምት የሳቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ለልጄ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼ የሠሪዎቹን ገጽ አስከፈትኩት። ዛሬ አሻራው ስድሳ አራት ደርሷል፤ አባ ዱራ በሕይወት ቢኖሩ ሙስባሃውን ሁለቴ ያዞሩት፣ ሁለት ዶቃም ይተርፋቸው ነበር። የመጨረሻዋ ፊደል ስትገጥም፣ የክርስቲያን ልጅ ብሆንም፣ በእሳቸው ፈንታ ሁለቴ አልሃምዱሊላህ አልኩ። ልጄ ለምን ሁለቴ እንደሆነ ጠየቀኝ።