ግሩፕ ወርክ በእናቴ ሳሎን

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በአንድ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜም እዚያው ይማር ነበር። እሱ "ግሩፕ ወርክ አለኝ" ብሎ ከወጣ እናቴ እራቱን ከድና ታስቀምጥለታለች። እኔ ያንኑ ቃል ስናገር ግን ምርመራው ይጀመራል፤ ከማን ጋር፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ልጆቹስ የማን ልጆች ናቸው። ቤታችን ወሎ ሰፈር ነው፤ ሕጉም አጭር ነው፤ ሴት ልጅ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ለምን ስላት "አንቺና እሱ አንድ ናችሁ እንዴ?" ትለኛለች። በውጤት እንደምበልጠው ማስታወሴ ምንም አልፈየደልኝም።

የመጨረሻው ዓመት ፕሮጀክት ሲመጣ ነገሩ ከረረ። የምማረው ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ በቡድን ስንመደብ ከአራት ወንዶች ጋር ደረሰኝ። ሥራችን በክረምት ሐይቅ የሚሆን አንድ መንገድ ውሃው በየት በኩል ሊወጣለት እንደሚችል ማጥናት ነበር። ወንዶቹ የሚገናኙት ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ፣ እኔ ከመግሪብ ቀድሜ ለመግባት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ በምቁነጠነጥበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ስሌቱን ቤት ሠርቼ በቴሌግራም እልካለሁ፤ እነሱ ማኪያቶ ይጠጡበታል። አንድ ቀን የቡድን መሪያችን፣ ቀልድ የሚችል አንደበቱም የተፈታ ልጅ፣ መምህራን ፊት ቆሞ የሚያቀርበው እሱ እንደሆነ ነገረኝ። "ስብሰባ ላይ የለሽማ" ነው ምክንያቱ። ደሜ ፈላ። ከገባሁ ጀምሮ "ጽሑፍሽ ያምራል" እየተባልኩ ስጽፍ የሚናገሩት ሁልጊዜ ወንዶች ነበሩ፤ ይህን ሥራ ግን ራሴ ማቅረብ ከልቤ እፈልግ ነበር።

እያለቀስኩ ለእናቴ ነገርኳት። ሕጉን አላላላችም። እነሱ ይምጡ አለች፣ በቃ።

መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ለሽምግልና የተላኩ ይመስል ሶፋው ጫፍ ላይ ተደረደሩ። እናቴ ልትጠብቀን እንደተቀመጠች እንዳይታወቅባት ለበርበሬ የሚሆን አንድ ሰፌድ ነጭ ሽንኩርት ይዛ መሃላችን ገባች። ሥራ የፈታ እጅ ማየት ስለማትችል ወዲያው ለእያንዳንዳቸው አካፈለቻቸው። እኔ ላፕቶፔን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ፣ ቆሜ ሳስረዳ፣ አራት ወንዶች ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይልጣሉ። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ይህን ሲያይ ድርሻ እንዳይደርሰው ፈርቶ ተመልሶ ወጣ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ልጆቹም በየሳምንቱ መምጣት ለመዱ፤ የእናቴ ሳምቡሳም ሳይረዳ አልቀረም።

የማቅረቢያው ቀን ሲቃረብ መሪያችን "እስቲ እኔም አቀራረቡን ለማዘር በአማርኛ ልሞክረው" ብሎ ተነሳ። እጁን እያወናጨፈ ረጅም ንግግር አደረገ። እናቴ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ልጄ፣ እሷ ስትናገር ውሃው በየት እንደሚሄድ ይታየኝ ነበር" አለችው። "አንተ ስትናገር ጠፋብኝ።"

ሳሎኑ በሳቅ ተናወጠ፤ ከሁላችን በላይ የሳቀው ግን ራሱ ነበር። ሳቁን ሲጨርስ እኔ እንዳቀርብ ተስማማ። ሌሎቹም አልተቃወሙም።

አቀረብኩ። ሥራው ራሱ ይዞኝ ሄደ። ስጨርስ ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ጠና ያሉ መምህር፣ አቀራረቤ ጥርት ያለ መሆኑን ተናግረው አመሰገኑኝ። ቀጥለው ወደ ወንዶቹ ዞሩና የውሃ መውረጃ ቱቦውን ስፋት ያሰላው ማን እንደሆነ፣ እስቲ እንዲያስረዳቸው ጠየቁ። እዚያው ፊታቸው ቆሜያለሁ፤ ዓይናቸው ግን አልፎኝ ሄደ። 

"ቲቸር፣ እሷን ይጠይቋት" አለ መሪያችን። "እኛም የተማርነው ከእሷ ነው።"

መምህሩ ትንሽ አፈር ብለው ወደ እኔ ተመለሱ። እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ዋጥ አደረግኩት። ማርከሩን አንስቼ፣ ፈገግታዬ አልታዘዝ እያለኝ፣ ስሌቱን ከመጀመሪያው መስመር ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ ስጽፍም ድምፄን ከፍ አድርጌ እየተናገርኩ ነበር።