ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ

ወንድሜ ላይ ያስፈረድኩበት እኔ ነኝ። እንዲህ ስል ሰው ሁሉ «አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ!» ይለኛል። አጥፍቻለሁ እንጂ! ግን ከኔ የባሰ ያጠፋ አለ፤ እሱን ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ ያኔ ዳውንታውን አንድ ሕንፃ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ ጋርድ ነበር። የምንኖረው ከሐበሻው ሰፈር ከፌርፋክስ ብዙም ሳይርቅ አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ጎረቤታችንም የአገራችን ሰው። አንድ ጠዋት ሰውየው መኪናውን ወንድሜ ቦታ ላይ ፓርክ አድርጎ ተገኘና ተጣሉ። በረንዳ ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ተጯጯኹ፣ ተሰዳደቡ፣ በቃ። ሰውየው ግን ፍርድ ቤት ሄዶ «ሊገድለኝ ዛተብኝ» አለ። ዳኛዋ ወንድሜን ሳትጠይቅ፣ ፊቱን እንኳ ሳታይ፣ «እንዳትጠጋው» የሚል ትዕዛዝ ፈረመች። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም። ሽጉጡን አስረከበ፤ ከሥራም «ጉዳዩ እስኪያልቅ ቤትህ ቆይ» አሉት። ቃሉን ለመስጠት ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነበረበት። መጀመሪያ ቅጣት፣ ከዚያ ጥያቄ! ይኼ ምን ዓይነት ሕግ ነው?

እኔ መጠበቁ አልሆነልኝም። ለወንድሜ ሳልነግረው ሁለት ሽማግሎች ለመንኩ። አንደኛው ከምሠራበት ሬስቶራንት የማይጠፉ፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ጋሼ ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄዱ። ሽማግሌ ሲሄድ የሚለው የታወቀ ነው፦ «ልጃችን አጥፍቷል፣ ለኛ ስትል ማረው።» አጠፋ አላጠፋ ማን ይመረምራል? እንዲህ ካልተባለ እርቅ የለም። ሰውየው ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፣ ሻይ አቀረበ፣ «እስቲ ላስብበት» ብሎ እስከ ደጅ ሸኛቸው።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ፊት ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥፋቱን አምኖ ሽማግሌ ልኮብኛል።»

አቤት ድፍረት! ዳኛዋስ ፈረንጅ ናት፣ ወጋችንን ከየት ታውቀዋለች? እሱ ግን ከገዛ ሚስቱ ጋር የታረቀው በሽማግሌ ነው! ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። አያፍርም እኮ!

ጋሼ ተጠርተው ማሉ። ዳኛዋ በአስተርጓሚ «አጥፍቷል ብለዋል?» ስትላቸው «ብያለሁ፣ ደንቡ ነው» አሉ። «ሲዝትበት ሰምተዋል?» «ኧረ እኔ አልነበርኩም!» አስተርጓሚው ሳይጨርስ ዳኛዋ መጻፍ ጀመረች። እኔም ምዬ የሰማሁትን ተናገርኩ፤ ሽማግሌ የላክሁትም እኔ ነኝ፣ እሱ አያውቅም አልኩ። ጨርሳ ሰማችኝና «እህቱ ነሽ» አለችኝ። አዎ እህቱ ነኝ፤ እህት ጆሮ የላትም እንዴ?

ትዕዛዙ ለሦስት ዓመት ጸና። ከሥራም በዚያው ሳምንት አሰናበቱት።

የዚያን ቀን ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ ወንድሜን «ይቅር በለኝ፣ ለአንተ ብዬ ነው» አልኩት። ጋሼ ከኋላችን ቆመዋል። እሳቸውን እንዳያስቀይም ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«አልዛትኩም ብዬሽ ነበር» አለኝ። «በጆሮሽም ሰምተሻል። ታዲያ በየትኛው ጥፋቴ ነው ማረው ያስባልሽብኝ?»